ጠበቃው የሚደርሰው መቼ ነው?

አንድ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ጣቢያ ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ምግብና ብርድ ልብስ ይታሰባል። ከዚያ «ዋስ ማን ይሁን?» ይመጣል። የጠበቃ ነገር የሚነሳው ዘግይቶ ነው፤ እሱም አቅም ያለው ዘመድ ከተገኘ። ካልተገኘ «መንግሥት ያቆምለታል» ይባልና ይታለፋል።

መንግሥት ያቆምለታል ወይ? ሕጉ አዎ ይላል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲወራ አብዛኛው ክርክር የጠበቃ ቁጥር አነሰ፣ በጀት የለም የሚል ነው። እውነት ነው፣ አንሷል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያለውም ድጋፍ የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ድሃው ብዙ ጊዜ የሚረታው ክርክር አጥቶ አይደለም፤ ቀን አልፎበት፣ ወይም በመጀመሪያው ሰዓት የተናገረው ነገር ይዞት ነው።

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሱ ሰዎች በመረጡት ጠበቃ የመወከል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥተው ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ከመንግሥት ጠበቃ ያገኛሉ። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ ግን ረጋ ብለን እናንብበው። መብቱ የተሰጠው ለተከሰሱ ሰዎች ነው። ስለ ተያዙ ሰዎች የሚናገረው አንቀጽ 19 ነው። እዚያ ውስጥ ያለመናገር መብት አለ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለ። የዋስትና መብትም አለ። የመንግሥት ጠበቃ ግን የለም። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። አማካሪ ያለው ይገናኛል፤ የሌለው ከማን ጋር ይገናኝ?

«ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ» የሚለውም ሐረግ ቀላል አይደለም። ይህን የሚመዝነው ዳኛው ነው። በተግባር እንደ ግድያ ባለ ከባድ ክስ ላይ ጠበቃ ይመደባል። ቀላል ነው በሚባል ክስ ላይ ብዙ ጊዜ አይመደብም። ቀላል የሚባለው ክስ ግን ለቀን ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ስድስት ወር መታሰር ማለት ሥራ ማጣት፣ የቤት ኪራይ መቋረጥ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት ማለት ነው።

ጣቢያ ውስጥ የሚያልቅ ነገር

በየከተማው የተለመደ ነገር ላንሳ። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናስብ። አሠሪዋ ወርቅ ጠፋኝ ትላለች። ልጅቷ ጣቢያ ትወሰዳለች። የምታውቀው ሰው የለም፤ ስልኳም ተይዟል። እዚያ ያገኘችው ሰው ሁሉ የሚመክራት አንድ ነው፦ «እመኚና ትፈቺያለሽ።» መርማሪው ይጽፋል፤ እሷ ትፈርማለች። ምናልባትም የጻፈውን ማንበብ አትችልም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ለዚህ ጥበቃ አስቀምጧል። አንቀጽ 27 የተያዘው ሰው መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ ይናገራል። ይህም እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 35 ደግሞ ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ የእምነት ቃል ሲሰጥ ዳኛው በፈቃዱ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። በወረቀት ላይ አጥሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ሌሊቱን ያደረችው ጣቢያ ነው፤ ከችሎት ስትወጣም የምትመለሰው እዚያው ነው። «ተገደሽ ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ምን እንደምትመልስ መገመት አይከብድም።

ከወራት በኋላ ክስ ይመሠረታል። ጉዳዩ ከባድ ተብሎ ተከላካይ ጠበቃ ተመደበላት እንበል። ጠበቃው መዝገቡን ሲከፍት የሚያገኘው የእምነት ቃል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው ጎበዝ ቢሆን እንኳን ከዚህ በኋላ የሚሠራው ማስተባበል ነው። ያለፈቃዷ መናገሯን ማስረዳት አለበት። ማን ምስክር ይሆናል? በሰዓቱ አጠገቧ የነበሩት መርማሪዎቹ ብቻ ናቸው።

በመካከሉ ያለውን ጊዜ ደግሞ ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፦ «ፖሊስ ተጨማሪ 14 ቀን ጠየቀ።» የጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ የሚለው የዚሁ ሕግ አንቀጽ 59 ነው። የታወቁ ሰዎች ሲታሰሩ ጠበቆቻቸው ቆመው «ምርመራው አልቋል፤ ምን ቀረ?» ብለው ይሟገታሉ። አንዳንዴም ፖሊስ የጠየቀው 14 ቀን ወደ 7 ይወርዳል። ጠበቃ የሌለው ተጠርጣሪ ግን «ምን ትላለህ?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚለው «ይፈቀድልኝ፣ ልጆች አሉኝ» ነው። ልጆች መኖራቸው ለዋስትና የሚጠቅም ነገር ነበር። እሱ ግን የሚናገረው እንደ ልመና ነው፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም እንደዚያው ነው።

ዋስትናም ተፈቅዶ የሚታሰሩ ሰዎች አሉ። ዳኛው የተወሰነ ሺህ ብር ያስይዝ ይላል፤ ገንዘቡ የለም። መጠኑ እንዲቀነስ ማመልከት እንደሚቻል ማን ነገረው? ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚቻል በአንቀጽ 75 ተጽፏል። 20 ቀን ግን እስር ቤት ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እስኪገኝ፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር እስኪመጣ ድረስ ያልፋል።

ሌላው ፈጣን ነገር በተለምዶ አርቲዲ የሚባለው የተፋጠነ አሠራር ነው። እጅ ከፍንጅ ተይዟል የተባለ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ምርመራው አልቆ፣ ተከሶ፣ ሊፈረድበት ይችላል። ጥቅሙ አይካድም። ሰው ለትንሽ ነገር ወራት ሳይጉላላ ይወሰንለታል። ነገር ግን ጠበቃ የሌለበት ፍጥነት ያስፈራል። ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ «አጥፍቻለሁ» ካለ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። «አዎ መታሁት፣ ግን እሱ ነው የጀመረው» ያለ ሰው አላመነም፤ መከላከያ እያቀረበ ነው። ጠንቃቃ ዳኛ ይህን ለይቶ ክዷል ብሎ ይመዘግባል። የደከመው፣ ጠዋት ሃያ መዝገብ የያዘው ዳኛስ?

«ዐቃቤ ሕጉም የመንግሥት፣ ጠበቃውም የመንግሥት»

የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የተደራጀው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ነው። ሥራው ጎልቶ የወጣው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ሲጀመር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ተከሳሾች ነበሩ። ጠበቃ ሳይኖራቸው መፍረድ ደግሞ ለአገር ስም አይበጅም ነበር። ስለዚህ አሠራሩ ሲተከል የታሰበው ትልልቅ ክስ ነው። ዛሬም ያ ጠባዩ አልለቀቀውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ጽሕፈት ቤቱን አጠናክሮታል። ክልሎችም በየጠቅላይ ፍርድ ቤቶቻቸው ሥር የራሳቸው ተከላካይ ጠበቆች አሏቸው። ወደ ወረዳ ስትወርዱ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ሰዎች የመንግሥት ጠበቃን አያምኑም። «ዐቃቤ ሕጉም የመንግሥት፣ ዳኛውም የመንግሥት፣ ጠበቃውም የመንግሥት፤ ታዲያ የእኔ ማነው?» የሚል ወሬ በየእስር ቤቱ አለ። ከዳኛው ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚበላ ጠበቃ ዳኛውን በድፍረት ይቃወማል ወይ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። የሕግ ምሁራንም ጽሕፈት ቤቱ ከፍርድ ቤቱ ተለይቶ ራሱን ይቻል ይላሉ። እኔም እስማማለሁ። ግን በእኔ ግምት ትልቁ ችግር ይህ አይደለም። ተከላካይ ጠበቆች በየቀኑ ወንጀል ችሎት ስለሚውሉ ሥራውን ከብዙ የግል ጠበቃ በላይ ያውቁታል። የሚጎድላቸው ጊዜና መሣሪያ ነው።

ዐቃቤ ሕግ ከጀርባው ፖሊስ አለ። ማስረጃ የሚሰበስብ፣ ምስክር የሚፈልግ፣ መኪና ያለው ፖሊስ። ተከላካይ ጠበቃው ብቻውን ነው። ተከሳሹ «በሰዓቱ መርካቶ ነበርኩ፣ እገሌ የሚባል ጫኝና አውራጅ ያውቃል» ቢለው ጫኝና አውራጁን ማን ይፈልገው? ቤተሰብ ካለ ቤተሰብ ይፈልጋል። ቤተሰብ ከሌለ መከላከያው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ጠበቃና ደንበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቁት በቀጠሮው ቀን ችሎት በር ላይ፣ በእጅ ካቴና፣ አጃቢው እየሰማ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው ሚስጥሩን ለማያውቀው ሰው አይነግርም።

ሰዎች ችሎት የሚቀርቡት ሲታሰሩ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንዲያውም አብዛኛው የድሃ ነገር ወንጀል አይደለም። ቀለብ ነው፣ ፍቺ ነው፣ ውርስ ነው፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው፣ የመሬት ድንበር ነው። እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጠበቃ ይሰጠዋል አይልም።

ያለው ነገር የደሃ ደንብ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። የደሃ ደንብ ከክፍያው ነፃ ያወጣል እንጂ ጠበቃ አይሰጥም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተፈቀደለት በኋላ ነው። አቤቱታውን የሚጽፍለት ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ራፖር ጸሐፊዎችን ማናናቅ አልወድም። አንዳንዶቹ ሕጉን ከብዙ ምሩቅ በላይ ያውቁታል፤ ሰውንም ያዳምጣሉ። ነገር ግን የሚከፈላቸው በገጽ ነው። አቤቱታው ይረዝማል፣ እንባው ይበዛል፣ የሚፈለገው ነጥብ ይጠፋል። ዳኛ ደግሞ የሚያየው የተጠየቀውን ዳኝነት ነው። ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድም። ሴትየዋ ቀለብ ጠይቃ የጋራ ቤቱን ሳትጠቅስ ከቀረች ችሎቱ ቤቱን አያነሳላትም።

ድህነትን ማስረዳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከወረዳ የድሃ ድሃ መሆንን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃ ለማግኘት መታወቂያ ያስፈልጋል። ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው መታወቂያው ባደገበት ቀበሌ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፍቺ ላይ ያለች ሴት ነገር ነው። ቤት አላት፤ ግን ቤቱ በባሏ ስም ነው፣ እሱም ውስጡ ተቀምጧል። ሱቅ አላት፤ ግን ገንዘቡ የሚገባው በእሱ ሒሳብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረቱን እኩል ይሰጣታል። ወረዳ ሄዳ ደሃ ነኝ ስትል ግን «ቤት ያለሽ ሴት አይደለሽ?» ትባላለች። ሀብቱ እስኪከፈል ድረስ ደሃ ናት። እንዲከፈል ለማድረግ ደግሞ ደሃ መሆኗን ማስረዳት አለባት። ጠበቆችም በዚህ ዓይነት ጉዳይ በፐርሰንት ይይዛሉ፤ ከቤቱ ላይ የተወሰነ ድርሻ ይቆረጣል። ምርጫ ስለሌላት ትፈርማለች።

የሥራ ክርክር ላይ ደግሞ ድሃውን የሚጥለው ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ያላግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ መክሰስ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው ይላል። ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመጠየቂያው ጊዜ 6 ወር ነው። አሁን የተባረረ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡ። መጀመሪያ አለቃውን ይለምናል። ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። አሠሪው «ጥቂት ታገስ፣ እናስተካክላለን» ይላል። በአገራችን ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው። ቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው «ነገረኛ» ይባላል። ሽምግልናው ሲጓተት ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ እየቆጠረ ነው። አንዳንድ አሠሪ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ሦስተኛው ወር እስኪያልፍ «ነገ ና» ይላል። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ረጅም ክርክር የሚያደርግ ጠበቃ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ «ሽምግልናህን ቀጥል፣ ግን ክሱን አስገባ» የሚል ሰው ይበቃ ነበር።

የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ክርክራቸው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ያልተከፈላት የአራት ወር ደመወዝ ለጠበቃ ከሚከፈለው ያንሳል። ስለዚህ አይከሰስም፣ አለቀ።

ማን ይሙላው?

ሕጉ መጀመሪያ ያሰበው ጠበቆቹን ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249ም ነፃ አገልግሎትን የጠበቃ ግዴታ አድርጎ ቀጥሏል። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቁሟል። 50 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲሰላ 6 ቀን ያህል ነው። አንድ የወንጀል ክስ አሥር ጊዜ ቢቀጠር፣ በየቀጠሮው ግማሽ ቀን ተራ ቢጠበቅ፣ ግዴታው ከሞላ ጎደል በአንድ ደንበኛ ያልቃል። ዕድሜ ልኩን ንግድ ሕግ ሲሠራ የኖረ ጠበቃ ደግሞ ድንገት የነፍስ ግድያ ክስ ቢሰጠው ለማንም አይበጅም።

በእኔ አስተያየት 50 ሰዓቱን ችሎት ላይ ማዋል ብክነት ነው። አንድ የንግድ ጠበቃ በወር አንድ ቅዳሜ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ ለአሥራ አምስት ሰው ቢያማክር፣ ይርጋ ሳያልፍ ብዙ ጉዳይ ይድናል። ይህን ለማድረግ የወንጀል ሕግ ሊቅ መሆን አይጠይቅም። ማኅበሩም ሰዓቱን ከመቁጠር አልፎ የት እንደሚውል ቢመድብ ጥሩ ነው።

መንግሥት በሌላ በርም ይገባል። ዐቃቤ ሕግ አቅም ለሌላቸው ዜጎች፣ በተለይ ለሴቶችና ለሕፃናት፣ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ቆሞ እንዲከራከር በሕግ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ዛሬ ይህ ሥራ ያለው ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። ጥሩ ነገር ነው። አንድ እንከን አለው፤ ድሃው የሚከራከረው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ ይህ በር ይጠበዋል።

የሲቪል ማኅበራትን ስናነሳ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መዝለል አይቻልም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ሴቶች በነፃ ቆሟል። የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻልም በርትቶ ጮኋል። በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በፍትሕ ሚኒስቴር ታግዶ ነበር፤ በኋላ እገዳው ተነሳ። የከፋው ግን በ2001 ዓ.ም. የመጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ማኅበሩ አብዛኛውን ሠራተኛውን ለማሰናበት ተገደደ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካና ገደቡ ተነሳ። ነገር ግን የአሥር ዓመት ክፍተት በአንድ አዋጅ አይሞላም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ተበትነዋል። ችግሩን ይዘው ይመጡ የነበሩ ሴቶችም መምጣት ትተው ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። አዲስ አበባ፣ ሐሮማያ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ሌሎችም የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። አንዳንዶቹ ከፍርድ ቤት ግቢ ወይም ከማረሚያ ቤት አጠገብ ቢሮ ከፍተዋል። ተማሪው አቤቱታ ይጽፋል፣ መምህሩ ያርማል፤ አስፈላጊ ሲሆን ይቆማል። እኔ በግሌ በጣም የምወደው አሠራር ነው። ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል። ሰውየውም ሳይከፍል የሚነበብ ወረቀት ያገኛል። ድክመቱ ግልጽ ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ቢሮው ይዘጋል፤ ተማሪ ሲመረቅ መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ይሄዳል።

ከዚሁ ከአህጉራችን አንድ ነገር ልበደር። ማላዊ ከእኛ የባሰ የጠበቃ እጥረት የነበረባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው አሠራር ጠበቃ ያልሆኑ፣ ግን በወንጀል ሥነ ሥርዓት የሠለጠኑ የሕግ ረዳቶችን ወደ እስር ቤቶች ማስገባት ነበር። ረዳቶቹ ችሎት አይቆሙም። እስረኞችን ሰብስበው በቃለ ተውኔት ጭምር ዋስትና እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ቃል ሲሰጥ ምን ማለት እንደሚገባ ያስተምራሉ። ቀጠሮው ያለፈበትን፣ መዝገቡ የጠፋበትን ለይተው ለፍርድ ቤት ያሳውቃሉ። በኋላም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገብተው ከሕፃናት ጋር በምርመራ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ሳይፈረድባቸው ለረጅም ጊዜ የተረሱ ብዙ እስረኞችም በዚህ ተለቀዋል። ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሠራሩን ወስደውታል።

እዚህ ቢሞከር የመጀመሪያው ተቃውሞ ከፖሊስ እንደሚመጣ ይገባኛል። ማላዊም ውስጥ ፖሊስ ወዲያው በሩን አልከፈተም። የከፈተው ረዳቶቹ ጣቢያውን የሚያጨናንቀውን ሰው እንደሚቀንሱለት ሲያይ ነው። የእኛም ጣቢያዎች ጠባብ ናቸው። በየዓመቱ ከየሕግ ትምህርት ቤቱ የሚመረቀው ወጣት ደግሞ ሥራ ፈላጊ ነው። የጥብቅና ፈቃድ እስኪያገኝ ባለው ጊዜ ጣቢያ ውስጥ ቢውል ለሁሉም ይጠቅማል። የሚያስፈልገው ደመወዝ፣ መታወቂያና ለፖሊስ የሚጻፍ ግልጽ መመሪያ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚሁ ነገር አላመለጡም። አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ተከሳሽ አቅም ከሌለው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1963 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን እንደ ወንጀል አይቆጠርም። ጠበቃ መያዝ ይቻላል፤ ክፍያው ግን የራስ ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን አገሩ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማስገባት አለበት። አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ዘመድ ሶፋ ላይ እየተኛ፣ ሥራ እየፈለገ፣ «ኬዝህን እገሌ ይጽፍልሃል» እየተባለ ነው። ያ እገሌ ብዙ ጊዜ ጠበቃ አይደለም። የአንዱን ታሪክ ለሌላው ገልብጦ የሚሸጥም አለ። የተገለበጠ ታሪክ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጋለጥ እውነተኛው ታሪክም አብሮ ይጠፋል። በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከላትና አብያተ ክርስቲያናት ወደ ነፃ ጠበቆች የሚመሩት ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። እነሱም የሚያማርሩት ሰዉ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። አሠራሩ እስኪስተካከል ድረስ ዘመድ የታሰረበት ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ፣ ምግብ ሲያደርስ ለታሰረው ያለመናገር መብት እንዳለው ይንገረው፤ ያላነበበውን እንዳይፈርም ይምከረው። በጊዜ ቀጠሮው ቀን ችሎት ይገኝ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ጽፎ ይያዝ። በዋስትና ላይ የተሰጠውን ትዕዛዝ ግልባጭ ያውጣ፤ 20 ቀኑን ከዚያ ይቁጠር። በፍትሐ ብሔር ከተረታም የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ግልባጭ ዘገየ ብሎ ቁጭ ማለት አያዋጣም። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ከሆነ የሕግ ትምህርት ቤቱን ደጅ ይርገጥ፤ ካልሆነ የፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ይጠይቅ። ታሳሪው ደግሞ ዳኛ ፊት ሲቆም ምንም ሌላ ነገር ባይመጣለት እንኳን አንድ ነገር ይበል፦ «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፤ መንግሥት ያቁምልኝ፤ ይህም ይመዝገብልኝ።» ሊከለከል ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጠበቃ ተከልክሎ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለም።